እጃቸው የዛለበት ቀን

«እስቲ እጅዎን ከአንጓው ቀና ያድርጉት፣ አባ» አለ ድሬሰር ፈንታው።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ሞከሩ። ግንባራቸውን አላባቸው። ቀኝ እጃቸው ግን ውኃ እንዳጣ የጎመን ቅጠል ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 1953 ነው። ከወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ ክሊኒክ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው መምጣታቸው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ወጌሻ አለበልም አብረዋቸው መጥተዋል፤ ይቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከሰባት ሳምንት በፊት ቄሱ ከበቅሎ ወድቀው ከክርናቸው በላይ ሲሰበሩ፣ አጥንቱን መልሰው ያሰሩት አለበል ነበሩ።

ፈንታው ክንዱን ዳሰሰ። ስብራቱ ቀጥ ብሎ ገጥሟል፤ ጎንደር ሲማርም እንዲህ ያለ ጥገና ብዙ አላየም። ከክርኑ ከፍ ብሎ በውጭ በኩል ግን የጠቆረ የጠፍር ምልክት አለ።

በመርፌ ጫፍ የእጃቸውን ጀርባ ነካ ነካ አደረገ። በትንሿ ጣት በኩል «ይሰማኛል» አሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲደርስ «እዚህ ላይ አይሰማኝም» አሉ።

«ጽናው ከእጄ ካመለጠኝ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም» አሉ። «ሥጋ ወደሙን ብጥለውስ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እጅዎ እንዲህ የዛለው የወደቁ ዕለት ነው ወይስ ከታሰረ በኋላ?»

ቄሱ ወንድማቸውን ሳያዩ «የወደቅሁ ዕለት ነው» አሉ።

ፈንታው ብዕሩን አነሳ። «እንግዲያው የተሰበረው አጥንት እጅን የሚያዘውን ነርቭ ቆርጦት ይሆናል። ጎንደርም አይበቃም፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አለብዎ። ክንዱን ከፍተው ነርቩን ይፈልጉታል፤ ካገኙት ይሰፉታል። ይድናል ብሎ ግን ማንም ቃል አይገባልዎትም።»

ቄሱ እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የወደቀ ዕለት አይደለም» አሉ አለበል ከበሩ። «ያን ዕለት እጁ ደኅና ነበር። ባሰርኩት በሦስተኛው ቀን ነዘረኝ፣ ትንሽ ያላሉልኝ አለኝ። አጥንቱ ይጣመማል ብዬ ጭራሽ አጠበቅሁት። በማግስቱ ዛለ።»

«ይተዉት እንጂ፣ ጋሼ» አሉ ቄሱ በቀስታ።

«ምን ብዬ እተወዋለሁ? በእኔ ጥፋት ክንድህን ሊከፍቱት ነው።»

ፈንታው ብዕሩን አስቀመጠ። ከጠፍሩ ምልክት ጀምሮ በጣቱ ጫፍ ወደ ታች መታ መታ እያደረገ ወረደ። ሦስት ጣት ያህል ዝቅ እንዳለ ቄሱ ደንገጥ አሉ።

«አውራ ጣቴ ላይ ጉንዳን የሄደ መሰለኝ።»

«ነርቩ አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ተጨፍልቆ ነው። አሁን ከተጎዳበት ወደ ታች እያደገ ነው» አለ ፈንታው። «ቀርፋፋ ነው፤ በወር ሁለት ጣት ቢሄድ ነው። እንደኔ ግምት ለፋሲካ አንጓዎ ቀና ማለት ይጀምራል። እስከዚያ ጣቶችዎ እንዳይደርቁ በየቀኑ በግራ እጅዎ ያፍታቷቸው። እጅዎን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍም ያስፈልጋል።» ወደ በሩ ዞረ። «ይህን ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚሠራው የለም።»

አለበል ድሬሰሩን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቀርበው ከስልቻቸው የተሰነጠቀ ሸምበቆ አወጡ። ፈንታው ጥጥና ፋሻ አቀበላቸው። አንድ ዙር በጠቀለሉ ቁጥር ትንሿን ጣታቸውን ከፋሻው ሥር እያስገቡ ይለካሉ።

«ጠበቀብህ?»

«አልጠበቀም።»

እንደገና ይለካሉ፤ እንደገና ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ የቄሱ እጅ በሸምበቆው ላይ ቀና ብሎ ቆመ።

«የሚጨብጡት ጅማቶች አልተጎዱም፤ የቸገራቸው የአንጓዎ መውደቅ ነው። አሁን ይጨብጡ» አለ ፈንታው።

ቄሱ ጨበጡ። መዳፋቸው ውስጥ የነበረው የአለበል አውራ ጣት ነው። አጨባበጣቸው ጠንካራ ነበር፤ አለበልም ጣታቸውን አላስለቀቁም።