በሮይስ ወንበር ላይ የተገኘው ቅርፊት

ጋሽ ቨርጂል በመኪና እሽቅድምድሙ ሜዳ አጥር አጠገብ የአብሮ አደጋቸውን የዳብን ከረጢት ከእጁ መንጭቀው የከረጢቱን አፍ ከፈቱና አፍንጫቸውን አስጠጉ።

«ብላ እንጂ ምን ታሸታለህ?» አለ ዳብ። «ልጅ ሆነንም የሰው ምሳ ትበረብር ነበር።»

«ኦቾሎኒ ነው» አሉ ጋሽ ቨርጂል።

«የተቀቀለ ኦቾሎኒ ነው። ጥርስ ካበቀልኩ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ስበላ ታየኛለህ። ዛሬ ነው እንዴ ዓይንህ የበራው?»

ከረጢቱ እርጥብ ነበር። ጨዋማው ውሃ በጋሽ ቨርጂል ጣቶች መካከል ተንጠባጠበ። መለሱለትና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ከዚህ አጥር እንዳታልፍ» አሉት። «ካለፍክ አብሮ አደጌ ነህ አልልም።»

«ሰውዬ፣ እኔ የዘጠኝ ቁጥር መኪና ደጋፊ ነኝ። ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ያንተን ሰው ለመቅደም ኦቾሎኒ አያስፈልገውም።»

ጋሽ ቨርጂል ጀርባቸውን ሰጡት። ነገር ማብዛት አይወዱም።

በአሜሪካዋ ካሮላይና የመኪና እሽቅድምድም ሜዳዎች የኦቾሎኒ ቅርፊት ከእባብ ይልቅ ይፈራል። ተመልካች ከአጥር ማዶ ሆኖ የፈለገውን ይብላ፤ ቅርፊቱ መኪኖቹ ወደቆሙበት ከገባ ግን ሞት ጠራ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ቅርፊት ያገኘን ሾፌር «ግባና ንዳ» የሚል አፍ የለም። ፈሪ የሚለውም የለም።

የሃያ ሰባት ቁጥር መኪና ሾፌር ሮይስ ሃትሊ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቅርፊት አግኝቷል።

በጸደይ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከግንቡ ጋር ተላትሞ ነበር። መኪናዋ ተገለባብጣ በእሳት ተያያዘች። ሮይስ ግን አንድ አጥንት ሳይሰበር በእግሩ ወጥቶ ለሕዝቡ እጁን አውለበለበ። መኪናዋ ተሠርታ በተመለሰች በመጀመሪያው ቅዳሜ ቅርፊቱ መጣ። ቀድሞ ያየው ራሱ ሮይስ ነው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሄልሜቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና «ዛሬስ አይሆንም» አለ። ከሚስቱ ከናዲን ጋር ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። በሚቀጥለውም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም።

«ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው!» ብለው ነበር ጋሽ ቨርጂል።

ዛሬ ግን ትዕግሥት አያዋጣም። የመኪናዋ ባለቤት ጋርላንድ ቁርጡን ተናግሯል፤ ሮይስ ዛሬም ካልነዳ ሃያ ሰባት ቁጥር ለሌላ ሾፌር ትሰጣለች። ለዘለቄታው።

ጋሽ ቨርጂል ፊደል አልቆጠሩም። ሃያ ሰባትን ግን የትም ቢያዩዋት ያውቋታል፤ ባርኔጣቸው ላይ ተሰፍታለች። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ቅዳሜ ዋለና ቀሩ። ሚስታቸውን የቀበሩ ዕለት ያንኑ ባርኔጣ በብብታቸው ይዘው ነበር። ሟችም ብትሆን ከእሳቸው ሌላ ነገር አትጠብቅም ነበር።

እናም ታጣፊ ወንበራቸውን ከመኪናዋ ጎን ዘርግተው ከምሳ ጀምሮ ተቀመጡ። የበር ጠባቂው ስለሚያውቃቸው አልከለከላቸውም።

ሮይስ በረዶ የገባበት ሻይ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ቨርጂል፣ ፀሐይ መታዎት እኮ። ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ።»

«ደህና ነኝ።»

«እዚያ ጋ ዳቦ በቋሊማ እየጠበሱ ነው። ሄደው አንድ ቢቀምሱ?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ታዲያ እዚሁ ሊውሉ ነው?»

«ልጄ፣ ዛሬ ከዚህ የሚነቀንቀኝ የለም። ያ ቅርፊት የሚጥል ሰውዬ ዛሬ አያገኝህም።»

ሮይስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ብርጭቆው ውስጥ በረዶው ይንቀጫቀጭ ነበር። ንዴት ነው፣ አሉ ጋሽ ቨርጂል በሆዳቸው። ንዴት ለሾፌር ጥሩ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ናዲን እንደ ሰሞኑ ልማዷ ፒካፑን ወደ መውጫው አዙራ አቁማለች። ፓስተሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘው መጸለይ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሮይስ ከሃያ ሰባት ቁጥር መስኮት አጠገብ፣ ክንዱ ከጋሽ ቨርጂል ክንድ ጋር እየተነካካ ቆሟል። ጋሽ ቨርጂል በዕድሜያቸው በጸሎት መሀል ዓይናቸውን ገልጠው አያውቁም። ዛሬም አልገለጡም።

«አሜን» ሲባል መጀመሪያ ያዩት ዳብን ነው። አጥሩ ማዶ ቆሞ ያላምጣል። ቀጥሎ ያዩት በመስኮቱ በኩል የሾፌሩን ወንበር ነው።

ቅርፊት።

ደማቸው ፈላ። ከጮኹ ግን ሮይስ ይሰማል፤ ከሰማ አይነዳም፤ ካልነዳ አለቀ። ሮይስ ዘወር ብሎ ወደ ፒካፑ ሲመለከት እጃቸውን በመስኮቱ ሰደዱና ቅርፊቱን አፍሰው ኪሳቸው ከተቱት። ደረቅ ነበር፤ ኪሳቸው ውስጥ ኮሽ ኮሽ አለ። ወደ ዳብ አፍጥጠው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ዳብ ግራ ገባውና ከረጢቱን ከፍ አድርጎ «ትበላለህ?» በሚል ምልክት ጋበዛቸው።

«እፍረት የሌለው!» አሉ ለራሳቸው።

ሮይስ ሄልሜቱን በብብቱ እንደያዘ ወደ መስኮቱ አጎነበሰ። ወንበሩን አየ። ወለሉን አየ። እጁን ከወንበሩ ሥር ሰድዶ ዳበሰ። መካኒኮቹ ይጠብቃሉ። ጋርላንድ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል።

«ግባ ልጄ፣ ንጹሕ ነው» አሉት ጋሽ ቨርጂል። «እኔ አይቼዋለሁ።»

ሮይስ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ገባ። ቀበቶውን አጠበቁለት። ከፊት የቆሙት መኪኖች ሞተራቸውን ማስነሳት ሲጀምሩ ሮይስ ጋሽ ቨርጂልን በጣቱ ጠራቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን በመስኮቱ አስገቡ። እንዲህ ላለች የምስጋና ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል።

«ጋሽ ቨርጂል» አላቸው ሮይስ በሹክሹክታ፣ «ቅርፊቶቼን የት አደረጓቸው?»