ቀዩ ገመድ

የአባቷ የጀልባ ሞተር ልጅቷን በዕድሜ ይበልጣታል፤ ነጂው ሲወድቅ የሚያጠፋው ማጥፊያ አልነበረውም። ባለፈው ክረምት ጎረቤታቸው ሐይቁ ውስጥ ወድቆ ጀልባዋ ብቻዋን ጥላው ስትሄድ ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ነበር። አባቷ ደግሞ ሲዋኝ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ቁጭ ብላ የሞተሩን ሽቦ ከማጥፊያ ጋር ራሷ ቀጠለችው።

"ይኸውልህ አባዬ፣ ገመዱን እጅህ ላይ ታስራለህ። ከወደቅክ ይቺ ቀይ መሰኪያ አብራህ ትነቀልና ሞተሩ ቀጥ ይላል። እሷ ቀዳዳዋ ውስጥ ካልተመለሰች ንቅንቅ አይልም።"

"እንደ ፍየል ልታስሪኝ ነው?"

"ፍየል እንኳ ስትታሰር ዝም ትላለች።"

አባቷ እየሳቀ እጁን ዘረጋላት። መቅዘፊያውን ግን "ሞተር እያለ ለምኔ ነው" ብሎ ሐይቁ ዳር ላይ ተወው። እሷም ሥራዋን ልታይ አብራው ተሳፈረች።

መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። አንድ ማዕበል ጀልባዋን ከጎን ሲመታት አባቷ ተስፈንጥሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ።

ብቅ ሲል ቀዩ ገመድ ከነመሰኪያው እጁ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ሠራልሽ፣ የኔ መሐንዲስ" አላት እየሳቀ።

ልጅቷ ባዶውን የመሰኪያ ቀዳዳ አየችው። እንደዚያም ሆኖ የማስነሻውን ገመድ ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ነፋሱ ጀልባዋን እየገፋ ከአባቷ ያርቃት ጀመር።

"በይ እንግዲህ" አላት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "አስነሺና ነይ።"