ሻለቃ ምን አሉ?

ሰዲቅ ሁለቱን ጀሪካኖች ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳርፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ውሃ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፣ በአምስተኛው ቀን፤ እሱም ከግቢው ቧንቧ አልፎ ፎቅ አይወጣም። ሻለቃ ሀብቶም ግድግዳውን እየተደገፉ ከኋላው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ሃያ ስምንት ዓመት በሠራዊቱ አገልግለው ጡረታ የወጡት ሰው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሰሚት ኮንዶሚኒየማቸው ደግሞ ሊፍት የለውም።

«አንዱን እኔ ልያዘው» ይላሉ።

«ይተዉት ጋሼ። እኔም ለጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። እናትህ ትናንት ደውላልኝ ነበር።»

ሰዲቅ ስልኩን አውጥቶ ይሰጣቸዋል። ሁለት ደብዳቤ አለበት። አንዱ ከመከላከያ ነው፤ ለእጩ መኮንንነት ማለፉን ይነግረዋል። ሌላውም ያንኑ ይላል፣ ግን ከፌደራል ፖሊስ ነው። ሁለቱም ለሰኞ ይጠሩታል። በምህንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ና ብሎ የጻፈለት ሌላ መሥሪያ ቤት የለም።

ሻለቃ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ ማህተሙ ድረስ ያነባሉ።

«እማ ፖሊስ ይሻላል ባይ ናት» ይላል ሰዲቅ። «ከተማ ትመደባለህ፣ አርብ አርብ ቤት ብቅ ትላለህ ትላለች። መከላከያ ከሆነ ግን…»

አይጨርሰውም። ታላቅ ወንድሙ ጣሃ ወታደር ነበር፤ በሰሜኑ ጦርነት ሞተ። የሻለቃ ልጅ ይሕደጎም የሞተው በዚያው ጦርነት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ለቅሶ ተደራርሰዋል፤ ልጆቹ በየትኛው በኩል እንደተሰለፉ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላነሳም።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ልቤ ወደ መከላከያ ነበር። ወታደር ቢያንስ ጠላቱን ያውቃል። ፖሊስ ሆኜ የሰፈሬ ልጆች ድንጋይ ይዘው ቢወጡስ? ጠመንጃ ይዤ ፊታቸው ልቆም ነው? እሱን እፈራለሁ ጋሼ።»

«ወታደር ጠላቱን ያውቃል» ይላሉ ሻለቃ፣ ቃሉን እንደሚቀምሱት ሁሉ ቀስ ብለው። «እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።»

ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«አንድ ጊዜ ለተቃውሞ ሰልፍ ፖሊስ አንሶ እኛን ወደ ከተማ አወጡን። ወጣት መቶ አለቃ ነበርኩ። ከሰልፉ ፊት አንድ ልጅ የተማሪ ሹራብ ለብሶ ቆሟል። አጠገቤ ያለው መኮንን ተኩስ ሊያዝ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ቆይ አልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። ልጁ አየን፣ አየንና ዞሮ ሄደ። የቀሩትም ተከተሉት። ከሃያ ስምንቱ ዓመት ውስጥ ሳስባት እንቅልፍ የምትሰጠኝ ያቺ ደቂቃ ብቻ ናት።»

«ስለዚህ ፖሊስ ሁን ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩህም። ይሕደጎ ሳሎኔ ተቀምጦ ‹አቦይ፣ ምን ልሁን?› ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ኢኮኖሚክስ መማር ነበር የሚወደው። ወታደርነቱን የመረጥኩለት እኔ ነኝ።» ስልኩን ገልብጠው ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። «ከዚያ ወዲያ ለማንም ልጅ አልመርጥም።»

ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ዘርፌ ባዶ ባልዲ ይዛ ትወርዳለች። «ውሃው አልሄደም አይደል?» ትላለች። ሰዲቅ አልሄደም ይላታል፤ ሻለቃ እግራቸውን ሰብስበው ያሳልፏታል። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ታች እስኪደርስ ሰዲቅ የጀሪካኖቹን ክዳን ያጠብቃል።

«ከዚያ ልጅ ፊት የሚቆም ሰው መቼም አይጠፋም» ይላል ሰዲቅ በመጨረሻ። «እንግዲያው እኔ ልቁም። ቢያንስ እኔ መተኮስ እፈራለሁ።»

ሻለቃ ቀና ብለው ያዩታል።

«ሁልጊዜ ክንድ መያዝ አይቻልም እኮ፣ ሰዲቅ። እኔ የቻልኩት አንዴ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«እናትህ ግን ቀላሉን የመረጥክ ነው የሚመስላት።»

«ይምሰላት።»

ስልኩ በሻለቃ ጭን ላይ ይጮኻል። ሰዲቅ ተቀብሎ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። እናቱ ሰኪና ከጉርድ ሾላ፣ ከጨርቅ ሱቋ ነው የምትደውለው፤ ከኋላዋ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል።

«ሻለቃ ምን አሉ?»

«ፌደራል ፖሊስ እገባለሁ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ደጋግማ፤ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ስጣቸው፣ ስልኩን ስጣቸው።»

ሻለቃ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል።

«ሻለቃ፣ የቀረኝን ልጅ አተረፉልኝ። አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።»

ሻለቃ ሰዲቅን ያዩታል። ሰዲቅ ጭንቅላቱን በትንሹ ይነቀንቃል፦ አይንገሯት።

«አሜን» ይላሉ።

ሰኪና ስልኩን ትዘጋለች። ሻለቃ ግን አሁንም የሚያዳምጡት ነገር ያለ ይመስል ስልኩን ከጆሯቸው አያወርዱም።