ሴሩ አልተገኘም

በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ባለው የነቫሲቲ መሥሪያ ቤት የመረጃ ማከማቻ ሳጥን የተከለ ሰው በልጁ ስም ይጠራዋል። ቫሲቲ «ሴሩ» ያለችውን ያረጀ ሳጥኗን ጠዋት በገዛ እጇ ነቀለችውና ሶፍትዌሩ ኔትወርኩን ሲያስስ ቁጭ ብላ አየች። አሥራ አንዱ ሳጥኖች አረንጓዴ ሆነው መጡ። አሥራ ሁለተኛው ቀላ፦ «ሴሩ አልተገኘም።» ከሥሩ ሁለት ምርጫ ነበር፤ «ሰርዝ» እና «እንደገና ፈልግ»።

«እንዴ፣ ምን ይጠበቃል እህቴ?» አለ አዲሱ ባልደረባዋ እየሳቀ። «ራስሽ ነቅለሽው! ሰርዢውና ምሳ እንሂድ፤ ካሳቫው ቀዘቀዘ እኮ።»

ጣቷ «ሰርዝ» ላይ ደርቆ ቀረ። አምና ባሕር ላይ የጠፋውን ልጇን የባሕር ጠባቂዎች ዘጠኝ ቀን ፈለጉት። በአሥረኛው ቀን ፍለጋው ይቁም የሚለውን ወረቀት አምጥተው ያስፈረሙት እሷን ነበር።

«አንዴ ብቻ» አለችና «እንደገና ፈልግ»ን ተጫነች።