ሁለት ካርድ የሚጠይቀው በር

ጥበቃው ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሞ ይመጣል። በረንዳው ላይ ቆሞ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ከዚያ ጨርቁን አርጥቦ የሁለተኛውን ፎቅ ኮሪደር መወልወል ይጀምራል። ጽዳት ሥራው አልነበረም፤ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይወድ ነው።

ከኮሪደሩ መጨረሻ የኮምፒውተሮቹ ክፍል አለ። በሩ ብረት ነው፤ መስኮት የለውም። ግራና ቀኙ ላይ ካርድ የሚነካባቸው ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ግራው ላይ የጣት አሻራ አይጠፋም፤ ቀኙ አቧራ ይይዛል። እሱ ሁለቱንም ሳያዳላ ይወለውላቸዋል።

ድርጅቱ መድኃኒት ያከፋፍላል። የጥበቃው ባለቤትም እዚያው መረጃ መዝጋቢ ናት። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከኢንጂነሩ ጋር ወደዚያ ክፍል ይገባሉ። የዕለቱን መዝገብ ገልብጠው ቅጂውን ይዘው ይወጣሉ፤ ቅጂው ሌላ ሕንፃ ሄዶ ይቀመጣል። ይህ ቤት ቢቃጠል እንኳ መዝገቡ እንዳይጠፋ ነው።

ይህን ሁሉ ያውቃል። ልቡ ግን እረፍት አጣ።

ድሮ ከአንድ ሳህን በሁለት ማንኪያ ነበር የሚበሉት። ከአምና ወዲህ እሱ ብቻውን ይበላል። ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ካለችው ወንበሩ ሆኖ ሲያይ ጀርባቸው ብቻ ይታየዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሰዓቱን ያያል። አርባ ደቂቃ።

«አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ታደርጋላችሁ?» አላት አንድ ቀን ቤት ውስጥ።

«ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፤ እኛ እንጠብቃለን።»

«እሱ ብቻውን ቢጠብቅ ይፈራል?»

«በሩ ያለ ሁለት ካርድ አይከፈትም ስልህ። ደግሞ በካርድም መቅናት ጀመርክ?»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ቅናት መጥፎ ነው፤ ከተራ ነገር መርዝ ያወጣል። ባለፈው ወር እሷ ሦስት ቀን ታማ ተኝታ ነበር። ያኔ ኢንጂነሩ ቅጂውን በብብቱ ሸጉጦ፣ የጥበቃው ሻይ እንኳ ሳይበርድ ከክፍሉ ወጣና «ጋሼ፣ ባለቤትዎ እንዴት ሆኑ? እግዜር ይማርልዎ» አለው። ይቺ ምርቃት ጥበቃውን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳችው። የእኔ ሚስት መታመም እሱን ምን አገባው?

ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ነገሩ ገብቷታል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩን በዓይንህ ልትበሳው ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። ያንተ ልብ ደግሞ የሌለውንም ያያል።»

በመጨረሻ ቆረጠ። «ወይ ያንን ክፍል ተዪ፣ ወይ እኔን ተዪኝ» አላት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

እሷም «ሂድና ሥራ አስኪያጇን ጠይቅ» አለችው። «ያለችህን ሰምተህ ስትመለስ ያኔ እንነጋገራለን።»

ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሚስቱን ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩለት ለመነ። ሥራ አስኪያጇ አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ።

«ይዩ ጋሼ፣ የዚህ ድርጅት ሀብት መድኃኒቱ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። የቱ መድኃኒት የት ሄደ፣ የቱ መቼ ጊዜው ያልፍበታል፣ ሁሉም እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ቢነካካው በሽተኛ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ካርድ የኢንጂነሩ፣ አንዱ የባለቤትዎ። አንዳቸው ከሌሉ በሩ ንቅንቅ አይልም። ደንቡን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ፊርማዬ።»

ፊርማውን አየ። ትልቅና ቆንጆ ፊርማ ነበር። ሠላሳ ኪሎ ከትከሻው ላይ የወረደለት መሰለው፤ ወዲያው ደግሞ እፍረት ወረደበት።

ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ፊት ተንበረከከ።

«ይቅር በዪኝ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ተነስ፣ ተነስ» አለችና አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። ይህን ያህል እንደ ጎዳት ሲያይ የባሰ አፈረ።

በነጋታው ጸሎቱን አስረዘመ። «ጌታ ሆይ፣ ዓይኔን ከክፉ ጠብቅልኝ» አለ። ከዚያ ጨርቁን ይዞ ወደ ብረት በሩ ሄደ። ያን ጧት ሁለቱን ሳጥኖች እንደ ባለውለታዎቹ እያየ ነበር የወለወላቸው።

እየወለወለ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። ግራው አረንጓዴ መብራት አለው፤ ቀኙ ግን ጨለማ ነው። ሲበራ አይቶት የሚያውቅ አልመሰለውም። ነገ ጭራሽ ቢቆም በሩ እንቢ ይላል፤ ሥራ ይስተጓጎላል፤ ወቀሳው ደግሞ ለሚስቱ ይተርፋል። ኢንጂነሩን ፊት ለፊት ማየት አፈረ። ስለዚህ ጸሐፊዋ ዘንድ ወርዶ አስመዘገበ፤ ጸሐፊዋም በሩን ለገጠመው ድርጅት ደወለች።

ጥገና ሠራተኛው ሲደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። ሚስቱና ኢንጂነሩ ገብተዋል። ስትገባ ትከሻውን ነካ አድርጋ «ምሳህን ብላ እሺ» ብላው ነበር። ከአምና ወዲህ እህል እንደዚያ ቀን ጣፍጦት አያውቅም።

ማንኪያውን ይዞ ተነሣና ጥገና ሠራተኛው አጠገብ ቆመ።

«አደራህን ልጄ፣ እነሱ ሳይወጡ ጨርስላቸው።»

ጥገና ሠራተኛው የቀኙን ሳጥን ፈታ፤ ይዞት ከመጣው ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ጥቂት ጻፈ፣ ጥቂት አነበበ። ከዚያ ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ጀመረ።

«አባባ፣ ይሄ አልተበላሸም፤ እንዳይሠራ የተደረገው አምና ነው። በሩ እኮ በአንድ ካርድ ብቻ ነው የሚከፈተው።»