የተነቀለው ሽቦ

ኮምፒውተር ጠጋኙ በቀትር ሲደርስ ባልየው ከበር ጀምሮ ይሳደብ ነበር። የኮምፒውተሩን ሙቀት የሚያሳየው ትንሽ ስክሪን ቁጥሩ እየዘለለ አናዶታል፤ ከዚህ በፊት ሁለት ስክሪን በቡጢ ሰባብሯል፣ ይህ ሦስተኛው ነው።

ጠጋኙ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ስክሪኑ ሠላሳ ሰባት አለ። የመለኪያውን ሽቦ ነቀለው። አሁንም ሠላሳ ሰባት።

"እህቴ፣ ከፍ የሚለው መቼ ነው?" ሲል ጥግ ላይ ወንበር ይዛ የተቀመጠችውን የባልየውን ሚስት ጠየቃት።

ያበጠ ከንፈሯን በእጇ ከልላ፣ "እሱ ሲቆጣ" አለች።

"ምን አልሽ አንቺ?" ባልየው በጥፊ ሲያጮላት ከነወንበሯ ተገለበጠች። ስክሪኑ ስድሳ አለ።

"ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረህ!" ብሎ ጠጋኙ መሃል ቢገባ ባልየው በክርኑ ደረቱን ብሎ ከግድግዳው አላተመው። ሰማንያ። ከዚያ የሚስቱን ጸጉር ጨምድዶ ያዘና ከጠጋኙ ሻንጣ ትልቁን ካቻቢቴ መዝዞ ወደ ላይ አነሣው። ዘጠና ዘጠኝ። ስክሪኑ ደም መሰለ፤ "ሙቀቱ ከልክ አልፏል፤ ይዘጋል" የሚል ጽሑፍ አወጣና ድርግም አለ።

ካቻቢቴው አልወረደም። ባልየው ክንዱን እንደሰቀለ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ ትንፋሽ ሳይኖረው ቆሞ ቀረ።

ሚስትየዋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ጸጉሯን አስለቀቀች። ጠጋኙ የሚያደርገው ቢጠፋው፣ በልማድ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ማስነሻ ቁልፍ ሰደደ።

"ወንድሜ" አለችው ቀስ ብላ፣ "እባክህ እንዳታስነሣው።"