የኤዶ ሃዎ ፊርማ

«እልልልል! የየኔነሽ ልጅ ልታገባ ነው!»

ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ሃዎ ነጩን ፖስታ ገና ሳትከፍተው ወደ ላይ አንስታ ግቢውን በእልልታ ሞላችው። ፖስታውን ያመጣችው የየኔነሽ ልጅ ኑኃሚን «ኤዶ፣ እሱ እኮ…» ብላ እጇን ዘረጋች። ማን ሰምቷት! ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የዐማል ራስ ብቅ አለ።

«ማንን ነው የምታገባው? የድሬ ልጅ ነው?»

«የድሬ ሆነ የጅጅጋ፣ አንቺ ምን አገባሽ! ዋናው ማግባቷ ነው!»

«ኤዶ፣ የሠርግ ጥሪ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ነው።»

እልልታው ውሃ እንደሄደበት ቧንቧ ተንፍሶ ቆመ። ዐማል «ኤጭ!» ብላ ወደ ልብስ እጥበቷ ተመለሰች።

«ታዲያ ፖስታ ምን ያደርጋል፣ አቦ! ሰውን በከንቱ ታስጮሂያለሽ» አለች ኤዶ ሃዎ፣ ጥላው ስር ምንጣፉን እየዘረጋች። «ነይ፣ አረፍ በይ።»

«አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ቆሜ…»

«እርስዎ?»

ኤዶ ሃዎ ቀና ብላ አየቻት። ድሬ ላይ ሰው ሰውን እርስዎ የሚለው ወይ ፍርድ ቤት ሲቆም ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ሲደብቅ።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

ኑኃሚን ተቀመጠች። ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ሲያጠፋ እንዴት ነው የሚያቀረቅረው? ያው እንደኛው ነው።

አዲስ አበባ ዳንስ ልታጠና የሄደች ጊዜ ሰፈሩ «ጭፈራም ዲግሪ አለው እንዴ?» እያለ ሲያላግጥባት፣ ያላላገጠችባት ኤዶ ሃዎ ብቻ ነበረች። አምና ደግሞ ልጇን ፋርሂያን ስትድር፣ የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ቆማ የገባውን ሁሉ ስልክ በዘንቢል ስትሰበስብ፣ የኑኃሚንን አልቀበልም አለች። ወንድ ዝር የማይልበት ክፍል ነው፤ ስልክም ዝር አይልበትም። «ያንቺ ይቆይ። ላጥናበት ብለሻል፣ አጥኚበት። ካንቺ ዓይን እንዳያልፍ ብቻ» አለቻት።

ከዚያ ሻሿን ጥላ፣ ጸጉሯን ለቃ ጨፈረች። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ከወገቧ በላይ እንስራ ሙሉ ውሃ የተሸከመች፣ ከወገቧ በታች ፍም የረገጠች ትመስል ነበር። ኑኃሚን በስልኳ ቀረጸቻት፤ ያንን እርምጃ እግሯ ውስጥ ለማስገባት ስድስት ወር ፈጀባት።

የመመረቂያ ሥራዋን ያቀረበች ዕለት ፈታኞቹ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አሏት። በአፏ መናገሩ ይበቃ ነበር። ደስታ ግን ክፉ አማካሪ ነው፤ ቪዲዮውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለቀቀችው።

«ኤዶ» አለች አሁን፣ ፖስታውን ጭኗ ላይ እያሻሸች። «ያቺን የሠርጉን ቪዲዮ… ሰው አየው።»

«የምን ሰው?»

«አስተማሪዎቼ።»

«ሴቶች ናቸው?»

«አንዷ።»

«ከስንቱ አንዷ?»

«ከአራቱ» አለች ኑኃሚን። «ተማሪዎችም ነበሩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር።»

የኤዶ ሃዎ እጅ ወደ ራሷ ሄደ። ሻሿ እንደታሰረ ነው። ቋጠሮውን ፈትታ፣ እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

«ዐብዱላሂ» አለች፣ ባሏን ማለቷ ነው፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር ስጨፍር አይቶኝ አያውቅም።»

ኑኃሚን «ተነሥተው አጨበጨቡልሽ እኮ» ልትል አፏን ከፈተች። ከአዲስ አበባ እስክትመጣ፣ አውቶቡስ ላይ ሙሉ ቀን የተለማመደችው ማጽናኛ ይኼ ነበር። አሁን ጥላው ስር ሆና ስታስበው ከስድብ የባሰ ሆነባት። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ወረቀቱስ?»

«የፈቃድ ወረቀት ነው። ፊርማሽን ይፈልጋሉ። እስከ ሰኞ ካላስገባሁ ሥራዬን አይቀበሉትም። አንድ የዳንስ ቡድን ሊቀጥረኝ ውል አዘጋጅቷል፤ ዲግሪው ከሌለ እሱም የለም። አሥራ ስድስት ሰው ተወዳድሮ ነው የተመረጥኩት። ግን ካልፈለግሽ አትፈርሚ። ወላሂ አልቀየምሽም።»

«አንቺ ልትቀየሚኝም ነበር?»

ኑኃሚን መሬት ብትከፈትላት በደስታ ትገባ ነበር። ኤዶ ሃዎ መነጽሯን አድርጋ፣ በማታ ትምህርት ቤት እንደለመደችው በጣቷ እየተከተለች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አንዳንዱን መስመር ሁለቴ አነበበችው። እስክሪብቶ ተቀበለች፤ ከታች «ሃዎ» ብላ ጻፈች፣ ፊደል በፊደል፣ ሳትቸኩል።

የኑኃሚን ዓይን እንባ ሞላ። «ኤዶዬ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ አላለቀም።» ጣቷ ወደ ላይ ተመልሶ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «‹ምስሌ ለሌሎች ከመታየቱ በፊት ፈቃዴን ተጠይቄአለሁ› ይላል። ‹አዎ› የሚል ሳጥን አለ፣ ‹አይደለም› የሚል ሳጥን አለ።»

«‹አዎ› ላይ ነው ምልክት የሚደረገው» አለች ኑኃሚን፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ። «ካልሆነ አይቀበሉትም።»

ኤዶ ሃዎ መነጽሯን አወለቀች። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ ወደ ኑኃሚን ገፋችው።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የሱና ጾም ይዣለሁ፤ በጾሜ ውሸት አልጽፍም» አለች። «እሱን አንቺው ሙዪው።»